ሙሉ ዓመት ላይ 4ኛው ያድጋል? የአዳማ ደጋፊዎች ስለ ፕሌይኦፍ የተከራከሩበት ክር

ክሩን የከፈተው ከፍራንኮ አካባቢ ነኝ ያለ የአዳማ ደጋፊ ነው። ያነሳው ሐሳብ አጭር ነው። በእንግሊዝ ሻምፒዮንሺፕ፣ ማለትም ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው እርከን፣ በማደጊያው ፕሌይኦፍ ዓመቱ እንደ ታርጋ ቁጥር ሙሉ ከሆነ የሚያድገው 4ኛ የወጣው ቡድን ነው፤ ፍጻሜውም ከአንድ ጎል በላይ አይታይበትም። ማስረጃውንም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ደረደረ፦ ኪውፒአር ደርቢን 1 ለ 0፣ በ2016 ሀል ሲቲ ሼፊልድ ዌንስዴይን 1 ለ 0፣ በ2018 ፉልሃም አስቶን ቪላን 1 ለ 0፣ በ2020 ፉልሃም ብሬንትፎርድን፣ በ2022 ኖቲንግሃም ፎረስት ሀደርስፊልድን 1 ለ 0፣ በ2024 ሳውዝሃምፕተን ሊድስን 1 ለ 0። ስለዚህ በ2026ም የሚያድገው 4ኛው እንደሆነ ጽፎ፣ ያልተስማማ ሰው በስድብ ሳይሆን በቁጥር እንዲመጣ ጠየቀ። ከሞላ ጎደል በቁጥር መጡለት።

1ኛው መልስ ሰጪ ክርክር ውስጥ አልገባም። ፕሪምየር ሊጉን ብቻ ለሚከታተሉ አንባቢዎች አካሄዱን በትሕትና አስረዳ። 24 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 46 ጨዋታ ያደርጋሉ፣ 1ኛና 2ኛ በቀጥታ ያድጋሉ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት አራቱ ለቀረችው አንዲት ቦታ ይፋለማሉ፤ 3ኛው ከ6ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው በደርሶ መልስ። የመልሱን ጨዋታ በሜዳው የሚያደርገው በደረጃ የበለጠው ነው። ፍጻሜው ግን ዌምብሌይ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ። ይህ ውድድር ከ1987 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ያደገው ክለብ የሚያገኘው ገቢ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው።

2ኛው እርማት ይዞ መጣ። ክሩን የከፈተውን አንቱ እያለ፣ በ2018 3ኛ የነበረው ፉልሃም፣ 4ኛ የነበረው ደግሞ ተሸናፊው ቪላ እንደሆነ አስታወሰ። በ2020ም መደበኛው 90 ደቂቃ 0 ለ 0 ነው ያለቀው። ጆ ብራያን ሁለቱንም ጎል ያገባው በተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ብሬንትፎርድም በመጨረሻዋ ቅጽበት አንድ መልሶ 2 ለ 1 ተጠናቀቀ። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል 4ኛው ከስድስቱ ሙሉ ዓመታት በአምስቱ አድጓል፣ በስድስቱም ዓመታት ግን በ90 ደቂቃ ከአንድ ጎል በላይ አልታየም የሚል ነው። በ3ኛው መልስ የክሩ ባለቤት አመስግኖ አስተካከለ። እንዲህ ያለ መተራረም በስፖርት ክር ላይ ብዙም አይታይምና ሳላወሳው ማለፍ አልፈልግም።

4ኛው መልስ የክሩ አከርካሪ ነው። ጸሐፊው ከ2010 እስከ 2025 ያሉትን 16 ፍጻሜዎች በደረጃ ዘረዘራቸው። 3ኛ ወጥተው ያደጉት ስድስት ናቸው፦ ስዋንሲ በ2011፣ ዌስትሃም በ2012፣ ኖርዊች በ2015፣ ፉልሃም በ2018፣ ብሬንትፎርድ በ2021፣ ሉተን በ2023። 4ኛ ወጥተው ያደጉትም ስድስት ናቸው፦ ከላይ ከተጠቀሱት አምስቱ በተጨማሪ በ2025 ሰንደርላንድ። 5ኛ ሆነው ያደጉት ሦስት ናቸው፦ ክሪስታል ፓላስ በ2013፣ ሀደርስፊልድ በ2017፣ አስቶን ቪላ በ2019። ከ6ኛ ያደገው የ2010ሩ ብላክፑል ብቻ ነው። ቀጥሎ ማን ስንት ጊዜ ፍጻሜ እንደደረሰ ቆጠረ። 3ኛው 13 ጊዜ፣ 4ኛው 10፣ 5ኛው 6፣ 6ኛው 3 ጊዜ። ዓይኔን የሳበው 3ኛው ነው፤ ከ16 ፍጻሜ 13 ጊዜ ዌምብሌይ ደርሶ ስድስቱን አሸንፎ ሰባቱን ተሸንፏል። ደጋፊው 3ኛ መውጣት እርግማን ነው የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ፍጻሜ ላይ ሲያለቅስ ስለምናየው። የመልሱ ጸሐፊ ግን ነገሩን ገለበጠው። አራት ቡድን ቢኖር እኩል ዕድል ማለት ከ16 አራት ነው፣ 3ኛው ደግሞ ስድስት አግኝቷል። የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ ስለሚደርስ ነው።

5ኛው የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሙሉና ጎዶሎ የምንለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ሲቆጠር መላምቱ ይገለበጣል ወይ? 6ኛው በአግባቡ መለሰለት። ፍጻሜው በግንቦት ስለሚደረግ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው፤ 8 ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ሙሉው ሙሉ ሆኖ ይቀራል። 2024 ለእኛ 2016 ነው። በኮሮና ምክንያት የዘገየው የ2020 ፍጻሜ እንኳ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ስለተደረገ መስከረምን አልተሻገረም። ልዩነቱ 7 የሚሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያኔ ሙሉው ጎዶሎ ይሆናል።

ከ7ኛው ጀምሮ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ለምን ከ2014 ተጀመረ ብሎ ጠየቀ። 2010 ሙሉ ዓመት ነው፤ ብላክፑል 6ኛ ሆኖ ካርዲፍን 3 ለ 2 አሸንፏል። 2012ም ሙሉ ዓመት ነው፤ ዌስትሃም 3ኛ ሆኖ ብላክፑልን 2 ለ 1 ረትቷል። ሁለቱም ዓመታት ደረጃውንም የጎል ቁጥሩንም ያፈርሳሉ፣ መነሻው 2014 የሆነውም እነሱን ለማስቀረት ነው። በ8ኛው መልስ የክሩ ባለቤት ሆን ብሎ እንዳልመረጠ፣ የማደጊያው ገንዘብ እያደር ስለጨመረ ቡድኖቹ ጥንቃቄ እንዳበዙ ጻፈ። 9ኛው እስከዚያ ድረስ ሲባባሉበት የነበረውን እርስዎ ጥሎ ወደ አንተ ዞረ። ገንዘቡ ቡድኖቹን አስፈርቶ ከሆነ ጎዶሎ ዓመት ላይስ ለምን አላስፈራቸውም? በ2015 ሁለት፣ በ2019 ሦስት፣ በ2021 ሁለት፣ በ2025 ሦስት ጎል ተቆጥሯል። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው፣ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስም መልስ አላገኘም።

10ኛው መልስ ሂሳቡን ከቤት ዕቃ ጋር አመጣው። አራቱም ቡድን እኩል ዕድል ቢኖረው፣ አንድ የተመረጠ ደረጃ ከስድስት ዓመት ቢያንስ አምስቱን በአጋጣሚ የሚወስድበት ዕድል ከ215 አንድ ገደማ ነው። ይህ ሲታይ የክሩን ባለቤት የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን አራት ደረጃ አለ፣ ሙሉና ጎዶሎ ሲባል ስምንት መላምት ይሆናል፤ መነሻ ዓመቱንም ከአምስት አማራጭ መምረጥ ከተፈቀደ 40 ይሆናል። 40 መላምት ሲሞከር አንዱ የሚገጥምበት ዕድል እስከ ከ5 አንድ ሊጠጋ ይችላል። ያላመነ ሰው እንዲሞክረውም ዘዴውን ሰጠ። አራት እኩል የተቀደዱ ወረቀቶች ላይ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ተብሎ ይጻፍ፤ በተመሳሳይ መንገድ ይታጠፉና ጣሳ ውስጥ ይግቡ። አንድ ወጥቶ ይመዝገብ፣ ይመለስ፣ ጣሳው ይነቅነቅ፤ 16 ጊዜ። ከዚያ ዝርዝሩን ይዞ ሥርዓት መፈለግ ነው፤ አንድ የሚያስገርም ነገር መገኘቱ አይቀርም። ሰው የሚሳሳትባቸውን ሁለት ቦታዎችም ጠቆመ። የወጣውን ወረቀት ሳይመልሱ መቀጠል አንዱ ነው፤ ያኔ ቁጥሮቹ በግድ እኩል እኩል ይወጣሉ። ሁለተኛው ሳይነቀንቁ ከላይ ያለውን ማንሳት ነው፤ አሁን የተመለሰችው ወረቀት ደጋግማ ትወጣለች።

ከዚህ በኋላ ሌሎች መላምቶች ጎረፉ። 11ኛው የካርዲፉን የመልበሻ ክፍል አነሳ። አሮጌው ዌምብሌይ ፈርሶ አዲሱ እስኪሠራ፣ ከ2001 እስከ 2006 የፕሌይኦፍ ፍጻሜዎች በካርዲፍ ሚሌኒየም ስታዲየም ነበር የሚካሄዱት። በዚያ ሜዳ በተደረጉ ከ10 በላይ ተከታታይ ፍጻሜዎች በደቡቡ መልበሻ ክፍል የለበሰ ቡድን አላሸነፈም ነበር። ክፍሉን ከክፉ መንፈስ ለማጽዳት ባለሙያ እስከመጥራት ተደርሷል። በ2002 በሦስተኛው እርከን ፕሌይኦፍ ስቶክ ሲቲ ከደቡቡ ክፍል ወጥቶ ብሬንትፎርድን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ነገሩ አከተመ። ሳንቲም 10 ጊዜ ተወርውሮ 10ሩም አስቀድሞ በተመረጠ ወገን የሚወድቅበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ከ4ኛው ደረጃ መላምት ይልቅ ጠንካራ የነበረ መላምት ማለት ነው። እሱም ፈረሰ።

12ኛው የኦበርሃውዘኑን ኦክቶፐስ ፖልን አስታወሰ፤ በ2010 የዓለም ዋንጫ ከስምንት ጨዋታ ስምንቱንም የገመተውን። በሳንቲም ከ256 አንድ ነው። በዩሮ 2008 ግን ከስድስት አራቱን ብቻ ነበር ያገኘው።

13ኛው ስለ ሼፊልድ ዩናይትድ እርግማን ጻፈ። በሁሉም እርከን 10 ጊዜ ፕሌይኦፍ ገብቶ አንድ ጊዜም አላደገም፣ ከእነዚህ አምስቱን የተሸነፈው ፍጻሜ ላይ ነው። 14ኛው ሁለት ነገር መለሰ። በእያንዳንዱ ጊዜ የመውደቅ ዕድሉ ከ4 ሦስት ከሆነ 10 ጊዜ በተከታታይ መውደቅ ከ18 አንድ ገደማ ነው፤ በእንግሊዝ ካሉት ክለቦች ብዛት አንጻር አንዱ ላይ መድረሱ አያስገርምም። ሁለተኛው ፕሬስተን ነው። እሱም ዘጠኝ ጊዜ ወድቆ በ2015 በ10ኛው ሙከራ ስዊንደንን 4 ለ 0 ደቁሶ ከሦስተኛው እርከን አድጓል። እስከዚያች ቀን ድረስ ፕሬስተንም የተረገመ ነው ይባል ነበር።

15ኛው አቋም የሚባለውን ነገር ነካው። በብዙ ደጋፊ አፍ ላይ ያለው በግስጋሴ የመጣ ቡድን ያሸንፋል የሚለው ነው። የ2025ቱ ሰንደርላንድ የመጨረሻ አምስት የሊግ ጨዋታዎቹን በተከታታይ ተሸንፎ ነው ፕሌይኦፍ የገባው። ነጥቡ 76 ሲሆን 3ኛው ሼፊልድ ዩናይትድ 90 ነበረው። ሼፊልድ በግማሽ ፍጻሜ ብሪስቶል ሲቲን በደርሶ መልስ 6 ለ 0 አራግፎ መጣ፤ ሰንደርላንድ ግን ኮቨንትሪን ያለፈው ተጨማሪው ሰዓት አልቆ በ122ኛው ደቂቃ ዳን ባላርድ በጭንቅላት ባስቆጠራት ኳስ ነው። ፍጻሜው ላይ ሼፊልድ 1 ለ 0 መራ፣ ሁለተኛ ጎሉ በቫር ተሰረዘበት፣ ማዬንዳ በ76ኛው አቻ አደረገ፣ ቶም ዋትሰን በባከነው ሰዓት አምስተኛ ደቂቃ ላይ ጨረሰው።

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ 16ኛው ነው፤ በብልጭልጭ ነገር ሳይሆን በምክንያት ላይ ስለቆመ። ጸሐፊው ዓመትና ደረጃ ትቶ መጀመሪያ ማን አገባ የሚለውን ብቻ ቆጠረ። ከ16ቱ ፍጻሜዎች ጎል የታየባቸው 15 ናቸው፤ የ2017ቱ ሀደርስፊልድና ሬዲንግ 0 ለ 0 ነበሩ። ከ15ቱ በ13ቱ መጀመሪያ ያስቆጠረው አድጓል። የተገለበጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ2010 ካርዲፍ መርቶ ተሸነፈ፣ በ2025 ሼፊልድ ዩናይትድ። ምክንያቱንም አስረዳ። አንድ ጨዋታ ነው፣ ሌላ ቀን የለም፤ የመራው ቡድን ተከላካዮቹን ወደ ኋላ ስቦ ክፍተት ይዘጋል፣ የተመራው የኋላውን ከፍቶ ይሮጣል። በ2018 ቶም ኬርኒ በ23ኛው፣ በ2024 አዳም አርምስትሮንግ በ24ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ከዚያ በኋላ የቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ ጨዋታ ጎል አልባ ነበር። 17ኛው በ2022 ያገባው የፎረስት ተጫዋች እንዳልነበረ አስታወሰ። ሌቪ ኮልዊል በራሱ ግብ ላይ ነበር ያስቆጠረው፣ ሀደርስፊልድም ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ይገባን ነበር ብሎ ቅሬታ ያቀረበበት ጨዋታ ነው። የ2014ቱም ለብቻው የሚታይ ነው። ኪውፒአር ከ60ኛው ደቂቃ ጀምሮ በ10 ሰው እየተጫወተ ሲከላከል ቆይቶ ቦቢ ዛሞራ በ90ኛው አገባ። አምስት የ1 ለ 0 ውጤት ወረቀት ላይ አንድ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ግን የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው።

18ኛው የመልሱን ጨዋታ በሜዳ ማድረግ ከዓመት ቁጥር ይልቅ እንደሚያስረዳ በ4ኛው ዝርዝር ላይ ተመርኩዞ አሳየ። ከ32 የፍጻሜ ቦታ 23ቱን የያዙት 3ኛና 4ኛ ናቸው። 19ኛው ስለ መለያ ምት ብቻ ነበር። ዳኛው ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይወረውራል፤ አንዱ በየትኛው ግብ በኩል እንደሚመታ ለመለየት፣ ሁለተኛው መጀመሪያ የሚመታውን ለመለየት፣ በሁለተኛው ያሸነፈው ራሱ ይመርጣል። ከ16ቱ ፍጻሜ በመለያ ምት የተለዩት ሁለት ናቸው፤ በ2017 መጀመሪያ የመታው ሬዲንግ ተሸነፈ፣ በ2023 መጀመሪያ የመታው ሉተን ኮቨንትሪን 6 ለ 5 አሸነፈ። ከሁለት ጨዋታ ሕግ ማውጣት እንደማይቻል ራሱ ጸሐፊው ጨመረ።

ክሩ የከረረው በ20ኛው ነው። አንድ ሰው 4ኛው ያሸንፋል የሚለውን ይዞ የውርርድ ቲኬት መቁረጥ ያዋጣ እንደሆነ ጠየቀ። 21ኛው የሰጠው መልስ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ቲኬቱ ላይ ያሸንፋል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በ90 ደቂቃ ውጤት ነው። ከ16ቱ ፍጻሜዎች አራቱ፣ የ2013፣ የ2017፣ የ2020 እና የ2023ቱ፣ 90ው ሲያልቅ አቻ ነበሩ። በ2020 ፉልሃም ያሸንፋል ብሎ የቆረጠ ሰው ፉልሃም አድጎም ገንዘቡን ያጣል፤ ያድጋል የሚለው ሌላ ምርጫ ነው፣ ዋጋውም ሌላ። በዚህ ላይ አራት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ከተሰካና እያንዳንዱ እኩል በእኩል ከሆነ የማግኘት ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። 22ኛው በቁጣ ነበር የጻፈው። የተረጋገጠ ግምት እሸጣለሁ የሚል ሰው ሁሉ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ክር እንደሆነ፣ የገጠመለትን ዓመት ብቻ እያሳየ የወጣት ኪስ እንደሚያራቁት ጻፈ። 23ኛው የክሩ ባለቤት ምንም እንዳልሸጠ፣ አንድ ሳንቲምም እንዳልጠየቀ ተከራከረለት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ በ24ኛው ገብቶ የውርርድ ወሬ እዚያው እንዲቆም፣ የእንግሊዙ ጉዳይ ግን እንዲቀጥል ጠየቀ።

ቀጠለ ሲባል ወደ አገር ቤት ዞረ። 25ኛው በጥቅምት 2005 ኢትዮጵያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ያሸነፈችበትን አነሳ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባቻቸው ሦስት ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። የሻምፒዮንሺፕ ፕሌይኦፍ ከሜዳ ውጭ ጎልን አይቆጥርም፤ በዚያ ደንብ ቢሆን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ካገቡ በኋላ 30 ደቂቃ ተጨማሪ ይጠብቃቸው ነበር። ጨዋታው በጥቅምት ስለነበረ በፈረንጅ 2012 ሙሉ፣ በእኛ 2005 ጎዶሎ ነው፤ 6ኛው ያስጠነቀቀው ይኸው ነው። በቀጣዩ ዓመት የናይጄሪያው ፕሌይኦፍ በድምሩ 4 ለ 1 ሲጠናቀቅ በሁለቱም አቆጣጠር የቁጥሩ ዓይነት ተገልብጧል። 26ኛው ከሀዋሳ ነበር። ሀዋሳ ከተማ ሊጉን ያነሳው በእኛ አቆጣጠር በ1996 እና በ1999 መሆኑን፣ አንዱ ሙሉ አንዱ ጎዶሎ እንደሆነ ጽፎ፣ የአዳማ ልጆች መጀመሪያ ለራሳቸው ክለብ መላምት ይፈልጉ አለ። ሦስት አራት ሰው ተንጫጫ፣ አለፈ።

27ኛው ክሩን ወደ ሥራ መለሰው። የሚገምት ሁሉ ግምቱን 46ኛው ጨዋታ አልቆ የመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ ሳይጀመር በፊት እንዲጽፍ፤ በአንድ አረፍተ ነገር፣ ደረጃውን፣ ውጤቱን፣ በ90 ይሁን በ120 ደቂቃ ለይቶ። መላምቱ በምን እንደሚፈርስም አብሮ ይጻፍ። ነጥቡም ተሰላ። ከአራት አንዱን በትክክል የገመተ 3 ያገኛል፣ የሳተ 1 ይቀነስበታል። በጭፍን የሚገምት ሰው ከአራት አንዴ 3 አግኝቶ ሦስቴ አንድ አንድ ሲያጣ ዜሮ ላይ ይቀራል። ግማሽ ፍጻሜው ካለቀ በኋላ የመጣ ግምት በሁለት ቡድን መካከል ስለሆነ 1 ያስገኛል፣ 1 ያስቀንሳል።

28ኛው የክሩ ባለቤት ራሱ ነው። 2026፣ 4ኛው፣ 1 ለ 0፣ በ90 ደቂቃ። ደረጃው ከሳተ መላምቱን እንደሚተው፣ አዲስ መነሻ ዓመት ፈልጎ እንደማይመለስም ጻፈ። 29ኛው የ16ኛውን ሐሳብ ይዞ፣ የትኛውም ደረጃ ይሁን ፍጻሜው ላይ መጀመሪያ ያገባው ያድጋል ብሎ አስመዘገበና ይህ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ጠየቀ። 30ኛው አሰላለት። እስካሁን 13 ለ 2 ስለሆነ ልክ ከሆነ 1 ብቻ ያገኛል፣ ከሳተ 6 ይቀነስበታል፣ ጎል ካልታየ ዜሮ። 29ኛው ስድስቷን ተቀበለ።